የአማተሩ ሀብት ጊዜው ነው

በፌብሩዋሪ ወር ጎህ ሳይቀድ ሃምኖይ ድልድይ ላይ የደረሰ ሰው መቆሚያ ለማግኘት መጋፋት አለበት። ሃምኖይ በሰሜን ኖርዌይ፣ በሎፎተን ደሴቶች ላይ ያለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ከድልድዩ ሲያዩዋት ቀያይ የእንጨት ቤቶች ጥቁር ዐለት ላይ ተደርድረዋል፤ ከኋላቸው በረዶ የለበሰ ተራራ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ይህን ምስል በግድግዳ ካላንደር ወይም በኮምፒውተር መክፈቻ ገጽ ላይ ያላየ ጥቂት ነው። ሰዎቹ የመጡትም ያንኑ ያዩትን ለማንሳት ነው። ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያዎች በድልድዩ የብረት መከለያ ጥግ ጥግ ይተከላሉ፤ የአንዱ እግር ከሌላው እግር ይጠላለፋል። መኪና ባለፈ ቁጥር ድልድዩ ስለሚንቀጠቀጥ የካሜራቸውን መዝጊያ (ሻተር) ለብዙ ሰከንድ ከፍተው የሚጠብቁት በየቋንቋቸው ያጉረመርማሉ።

ከቆሙት አብዛኞቹ በፎቶ እንጀራ የሚበሉ አይደሉም። በሥራ ቀን የጥርስ ሐኪም፣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ጡረተኛውም ብዙ ነው። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው ካሜራ ግን የጋዜጣ ፎቶ አንሺ የሚመኘው ዓይነት ነው። ብርሃኑ ይመጣል፤ ተራራው ለጥቂት ደቂቃ ይቀላል፤ ሻተሮች ይንጫጫሉ። ከዚያ ዕቃ ተሸክፎ በመኪና ወደሚቀጥለው ዝነኛ ቦታ ይኬዳል። ማታ በየማረፊያቸው ሆነው ፎቷቸውን ቢደራርቡት የማን የማን እንደሆነ ለመለየት የሚቸገሩ ይመስለኛል።

ነገሩ የሚያስገርመኝ ለዚህ ነው። አማተሩ ከባለሙያው በአንድ ነገር ይበልጣል። የሚቆጣጠረው አለቃ፣ የሚያሯሩጠው ደንበኛ፣ «ለነገ አድርስልኝ» የሚለው አዘጋጅ የለበትም። ባዶ እጁን ቢመለስ ደመወዙ አይቆረጥም። አንድ ኩሬ ዳር ዓመቱን ሙሉ ቢመላለስ ለምን የሚለው የለም። እንዲህ ያለ ነጻነት ይዞ ነው እንግዲህ ራሱን ተቀጣሪ አድርጎ፣ የሚነሡ ቦታዎችን ዝርዝር ጽፎ፣ ከኖርዌይ ወደ አይስላንድ፣ ከአይስላንድ ወደ አልፕስ ሲሮጥ የሚታየው።

የካሜራው ታሪክ ራሱ በትዕግሥት የተሞላ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።) በ1861 ፈረንሳዊው ኦጉስት ሮዛሊ ቢሶን በአልፕስ ከፍተኛው ጫፍ፣ በሞን ብላን ላይ ፎቶ ሲያነሳ ዕቃውን የተሸከሙለት 25 ሰዎች ነበሩ። የዘመኑ የመስታወት ሰሌዳ ኬሚካል ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሳትና መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ የጨለማው ድንኳንና ጠርሙሱ ሁሉ አብሮ ተራራ ይወጣል። ከዚያ ሁሉ ልፋት ይዞ የሚወርደው ጥቂት ሰሌዳ ነው። ዛሬ ስልክ ያለው ልጅ በአንድ እስትንፋስ የሚያነሳውን ያህል እንኳን አይሆንም።

ያን ሸክም ያቀለለው ኦስካር ባርናክ የተባለ ጀርመናዊ መካኒክ ነው። ባርናክ በቬትስላር ከተማ በላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ በዕረፍቱ ቀን ደግሞ በጫካና በኮረብታ እየዞረ ፎቶ ማንሳት ይወድዳል። ግን አስም ነበረበትና ትልቁን ካሜራ ከነማቆሚያው ተሸክሞ ዳገት መውጣት አቃተው። መላ ሲፈልግ ለሲኒማ የሚያገለግለውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም አገኘ። የአንዱን ምስል ስፋት እጥፍ አድርጎ 24 በ36 ሚሊ ሜትር አደረገውና የኮት ኪስ የሚገባ ካሜራ ሠራ። የመጀመሪያው ናሙና በ1914 ገደማ አለቀ፤ ጦርነት መጣና ዘገየ፤ ላይካ የሚል ስም ይዞ ለሕዝብ የቀረበው በ1925 በላይፕሲሽ የንግድ ትርኢት ላይ ነው። ዛሬ «ፉል ፍሬም» እየተባለ በውድ የሚሸጠው ካሜራ የሚለካው በዚያው በ24 በ36 ነው። ከፎቶ ኢንዱስትሪው ብዙው አንድ አስመኛ አማተር ለእግር ጉዞው ብሎ በመረጠው ልክ ይሠራል ማለት ነው።

አውሮፓን ለፎቶ የምትመች የሚያደርጋት ተራራዋና ቤተ መንግሥቷ ብቻ አይደለም፤ ፀሐይዋ የምትሄድበት መንገድም ነው። ኢትዮጵያ ያደገ ሰው የፀሐይን አጠላለቅ ያውቃል፤ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፣ ምሽቱም ወዲያው ይዘጋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ፀሐይ አድማሱን የምታቋርጠው ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ድንጋይ ነው፤ ከጠለቀች በኋላ የሚቀረው ወገግታ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ሎፎተን ያለችው ግን 68ኛው ዲግሪ ላይ ነው። እዚያ ፀሐይ አድማሱን በአግድም እየታከከች ስለምትወርድ በማርች ወር ያው ወገግታ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ፀሐይዋ ዝቅ ባለች ቁጥር ብርሃኑ ወፍራም የአየር ሽፋን አቋርጦ ይመጣል፤ ሰማያዊው በመንገድ ተበትኖ ይቀርና ቀዩና ብርቱካናማው ይደርሳል። ፎቶ አንሺዎች «ጎልደን አወር» የሚሉት ይህን ነው። ለእኛ ደቂቃዎች የሆነው ለእነሱ በክረምት ቀኑን ሙሉ ሊሆን ይችላል።

ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ በሎፎተን ፀሐይ ጭራሽ አትጠልቅም። ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃኑዋሪ መጀመሪያ ደግሞ አትወጣም። ጨለማ ብቻ የሚመስለው ያ ወቅት ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ለጥቂት ሰዓታት ጥልቅ ሰማያዊ፣ ከአድማሱ በኩል ወይን ጠጅ ይሆናል፤ በረዶውም ያንኑ ቀለም ይለብሳል። ጥላ የሚባል ነገር የለም። ብዙ ጎብኚ ግን በዚያ ወር የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሰሜን ብርሃን።

የሰሜን ብርሃን የሚፈጠረው ከፀሐይ የተወረወሩ ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች በምድር መግነጢስ ተመርተው ከላይኛው አየር ጋር ሲጋጩ ነው። አረንጓዴው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ካለ ኦክስጅን ይመጣል፤ ቀዩ ከዚያም ከፍ ካለው። በሜይ 10 ቀን 2024 ምሽት ከፀሐይ የመጣው ማዕበል እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ እስከ ጣልያንና ስፔን ድረስ ታይቷል፤ ያን ሌሊት ብዙ ሰው ከመኝታ ቤቱ መስኮት በስልኩ አንስቶታል። በሌላው ጊዜ ግን ወደ ሰሜን መሄድ ያስፈልጋል። አንዱ መንገድ ከስቶክሆልም ወደ ናርቪክ የሚሄደው የሌሊት ባቡር ነው። የሐዲዱ ሰሜናዊ ክፍል ለብረት ማዕድን ማጓጓዣ ተብሎ ተሠርቶ በ1903 የተከፈተ ሲሆን በመንገዱ አቢስኮ የተባለችውን ቦታ ያልፋል። አቢስኮ በ1909 ስዊድን ካቋቋመቻቸው የአውሮፓ የመጀመሪያዎቹ ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ ነው። ከባሕር የሚመጣውን ደመና በምዕራብ ያሉት ተራሮች ስለሚያስቀሩት ሰማዩ ከአካባቢው ሁሉ የጠራ ነው። የቀረው ሥራ ብዙ አይደለም። ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ የብርሃን ቀዳዳውን (አፐርቸር) እስከ መጨረሻ ከፍቶ፣ ለብርሃን ያለውን ስሜት (አይኤስኦ) ከ1600 እስከ 3200 አድርጎ፣ ሻተሩን ከ5 እስከ 15 ሰከንድ መክፈት፤ ትኩረቱን በእጅ ኮከብ ላይ ማስተካከል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታልና ትርፉን በብብት ኪስ መያዝ። ከውጭ ሲገቡ ደግሞ የቀዘቀዘውን ካሜራ በላስቲክ ከረጢት አስሮ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ መተው፤ ያለዚያ ሌንሱ በላብ ይጠመቃል።

እንዲህ ያለውን ዘዴ ማንም በአንድ ምሽት ይማረዋል። አስቸጋሪው ሌላ ነው፤ የሚነሣው ቦታ የፎቶ አንሺውን ብዛት ይችለዋል ወይ የሚለው ጥያቄ።

በደቡብ አይስላንድ ፍያድራርግልዩፉር የሚባል፣ ስሙን ለመጥራት ምላስ የሚፈትን ጠባብ ሸለቆ አለ። በ2015 ዘፋኙ ጀስቲን ቢበር የቪዲዮ ክሊፑን እዚያ ቀረጸ፤ ከዚያ በኋላ ሰዉ ጎረፈ። የሸለቆው ጠርዝ በሞስ የተሸፈነ ነው። የአይስላንድ ሞስ እንደ ወፍራም ምንጣፍ ዐለቱን አልብሶ የሚያድግ፣ አንዴ በጫማ ከተረገጠ ለማገገም አሥርት ዓመታት የሚፈጅ ተክል ነው። በ2019 የአገሩ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሸለቆውን ለወራት ዘጋው። አይስላንድ በ2010 ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ጎብኚ ነበራት፤ በ2018 ቁጥሩ ከ2 ሚሊዮን አልፏል። የሕዝቧ ቁጥር ግን ከ400 ሺህ በታች ነው።

በኦስትሪያ ሐይቅ ዳር ያለችው ሃልሽታት ደግሞ 800 እንኳን የማይሞላ ሕዝብ ይዛ በበጋ አንዳንድ ቀን እስከ 10 ሺህ ሰው ታስተናግዳለች። ቻይናውያን በጓንግዶንግ ግዛት ቅጂዋን ሠርተው በ2012 ከፍተዋል፤ ሰዉ ግን ዋናዋን ማየቱን አልተወም። በ2023 የመንደሯ ሰዎች ፎቶ የሚነሣበትን እይታ በእንጨት አጥር ከለሉት፤ ጩኸቱ ሲበዛ መልሰው አነሡት። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ፣ ብሪየንዝ ሐይቅ ላይ ያለችው ኢዘልትቫልድ በአንዲት ትንሽ የእንጨት መርከብ ማቆሚያ ላይ መግቢያ ተክላ ከእያንዳንዱ ሰው 5 ፍራንክ መቀበል ጀመረች፤ ማቆሚያዋ በአንድ የደቡብ ኮሪያ ተከታታይ ድራማ ላይ በመታየቷ ነው። በ2025 በጋ በጣልያን ዶሎሚት ተራሮች፣ ሴቼዳ በተባለው ሸንተረር ላይ የመሬቱ ባለቤቶች መዞሪያ በር አቁመው 5 ዩሮ አስከፍለዋል።

እኔ ከሴቼዳ ሰዎች ጋር ነኝ። ጎብኚው «ውብ ሣር» ብሎ የሚረግጠው ሜዳ ለእነሱ የከብት ድርቆሽ ነው፤ በአጨዳ ወቅት የተረገጠ ሣር ማጭድ አይይዘውም። የሚያበሳጨኝ ይህ ሁሉ ጥፋት ለአዲስ ፎቶ ሲባል እንኳን አለመሆኑ ነው። አንድ ሰው ሺህ ጊዜ የተነሣውን ምስል ሺህ አንደኛ ጊዜ ለማንሳት ከመንገድ ወጥቶ ሞሱን ይረግጣል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቢቀር ማንም ያላየውን ያገኝ ነበር።

ይህን ስል በሩን ሁሉ ዝጉ ማለቴ አይደለም። የኖርዲክ አገሮች ለእግረኛ ያላቸው ልግስና የሚያስቀና ነው። በኖርዌይ ከ1957 ጀምሮ በሕግ በጸናው መብት መሠረት ማንም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን፣ መሄድና ድንኳን መትከል ይችላል፤ ሰው ከሚኖርበት ቤት 150 ሜትር መራቅና በአንድ ቦታ ያለ ፈቃድ ከሁለት ሌሊት በላይ አለመቆየት ይጠበቅበታል። ከሃምኖይ ጥቂት ራቅ ብሎ ሬይኔብሪንገን የተባለ ተራራ አለ። ጭቃው በእግር ብዛት ተሸርሽሮ ሰው ሲወድቅበት ከኔፓል ሼርፓዎች አስመጥተው ከ1,500 በላይ የድንጋይ ደረጃ አስነጠፉለት። ከመዝጋት ይልቅ መሥራት ማለት ይህ ነው፤ ገንዘቡ ላለው አገር።

ጊዜ ያለው ፎቶ አንሺ ምን እንደሚመስል ያየሁት በደቡብ ስዊድን፣ ሆርንቦርያ ሐይቅ ዳር ነው። ከማርች መጨረሻ እስከ አፕሪል አጋማሽ የክሬን ወፎች ከስፔንና ከመካከለኛው አውሮፓ ወደ ሰሜን ሲመለሱ እዚህ ያርፋሉ። በአንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ከ20 ሺህ በላይ ይቆጠራሉ። ግራጫ ላባ፣ ረጅም እግር፣ አናታቸው ላይ ትንሽ ቀይ ምልክት ያላቸው ወፎች ናቸው። ገና ሳይታዩ ይሰማሉ፤ መለከት የሚነፋ ሠራዊት ከጉም ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

ወደዚህ ያመጣቸው ድንች ነው። በአካባቢው ለአረቄ መጥመቂያ ድንች ይዘራ ነበርና ከአጨዳ የተረፈውን ለመልቀም ማረፍ ጀመሩ። የድንቹ እርሻ ሲቀር ሰዉ ወፎቹን እንዳያጣ፣ ገበሬውም ቡቃያው እንዳይበላበት ገብስ ይበተንላቸው ጀመር። ሐይቁ ራሱ ከሞት የተመለሰ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለእርሻ ብለው ውኃውን ደጋግመው አፈሰሱት፤ መሬቱ ግን እርሻ አልሆን አለ። በ1990ዎቹ ደለሉንና ሸምበቆውን ጠርገው ውኃውን መልሰው ከፍ አደረጉት።

ጠዋት ከነፋሱ ጋር ሲታገሉ ከሚውሉት መካከል በዕድሜ የገፉ አንድ ስዊድናዊ አጠገቤ ቆመው ነበር። ካሜራቸው ያረጀ፣ የሌንሱ ቀለም የተላጠ ነው። ሌላው ሰው ወፎቹ መዝለል ሲጀምሩ መትረየስ እንደሚተኩስ ሻተሩን ይለቅቀዋል፤ እሳቸው ቡናቸውን ከፔርሙዝ እየቀዱ ያያሉ። የሚጠብቁትን ስጠይቃቸው «ሊነሱ ሲሉ አንገታቸውን ወደ ፊት ያሰግጋሉ፤ አንዱ ሲያሰግግ ሌላው ይከተለዋል። ያኔ ጣትህን አዘጋጅ» አሉኝ። እውነትም የክሬን ወፍ ከመብረሩ በፊት ለባልንጀሮቹ የሚሰጠው ምልክት ነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ቤተሰብ አንገቱን አሰገገ። የሳቸው ሻተር ሁለቴ ብቻ ተሰማ። ያነሡትን አሳዩኝ፤ ሦስት ወፎች በአንድ መስመር፣ እግራቸው ከምድር ሊለቅ አንድ ጣት ሲቀረው። ሻተሩ የሰከንድ 1/1600 ነው፤ ከዚያ ቢዘገይ ክንፉ ይደበዝዛል። ቁጥሩን ማንም ሊገለብጠው ይችላል፤ አንገቱን አይቶ ማወቅ ግን ብዙ ጸደይ እዚያው ቆሞ ማሳለፍን ይጠይቃል።

ወደ ዱር አራዊት ሲመጣ መጠበቁ ሌላ መልክ ይይዛል። በምሥራቅ ፊንላንድ፣ በሩሲያ ድንበር አጠገብ ኩህሞ በተባለው አካባቢ የድብ ፎቶ ለማንሳት የሚከራዩ ትናንሽ የእንጨት ጎጆዎች አሉ። ከቀትር በኋላ ይገባል፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት መውጣት የለም፤ መጸዳጃውም እዚያው ነው። ሌንሱ በቀዳዳ ይወጣል። ድቡ የሚመጣው ሥጋ ወይም ዓሣ ስለሚቀመጥለት ነው። በሰሜን ግሪክ ከርኪኒ ሐይቅ ላይም በክረምት ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ ላይ ዓሣ ሲወረውሩ ዳልማሽያን ፔሊካኖች አፋቸውን ከፍተው ይሻማሉ፤ ያን ምስል ያልያዘ የአውሮፓ ወፍ ፎቶ አንሺ ጥቂት ነው። ይህ ማታለል ነው ወይ? ብዙ የሚያከራክር ነው። በእኔ በኩል ጎጆ ውስጥ ተዘግቶ የሚያድረው ሰው ድቡን እየተከተለ ጫካ ከሚያስጨንቀው ይሻላል፤ ፎቶው ሥር «በምግብ የመጣ» ብሎ መጻፉ ግን ግዴታ ሊሆን ይገባል።

አለመጻፍ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የታየው በዓለም ዝነኛ በሆነ የዱር አራዊት ፎቶ ውድድር ላይ ነው። ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚመራው ይህ ውድድር ከ1965 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን አማተሮችም ከባለሙያዎች እኩል ይወዳደሩበታል። በ2009 ያሸነፈው ስፔን ውስጥ የተነሣ፣ በሌሊት የእንጨት በር ዘሎ የሚሻገር ተኩላ ነበር። ዳኞቹ በኋላ ባደረጉት ማጣራት ተኩላው የተገራ መሆን አለበት ብለው በ2010 ሽልማቱን ነጠቁ፤ ፎቶ አንሺው አልተቀበለውም። ምስሉን ያየሁት ዜናው ከመሰማቱ በፊት ነበር። ዛሬ ሳየው ዓይኔ ተኩላውን ትቶ በሩ ላይ ይቀራል፤ ዱር ያደገ ተኩላ ከሥሩ ሾልኮ ማለፍ ሲችል ለምን ይዘልላል እላለሁ።

የብሪታንያ ሕግ ከ1981 ጀምሮ በልዩ ዝርዝር የተጠበቁ ወፎችን በጎጇቸው ላይ ሆን ብሎ ማወክን ወንጀል አድርጎታል፤ ካሜራ መያዝም ከተጠያቂነት አያድንም። ማንንም ሳያውኩ፣ ሩቅም ሳይሄዱ ማንሳት ይቻላል፤ ጀርመን ውስጥ ከ1971 ጀምሮ ያለው የተፈጥሮ ፎቶ አንሺዎች ማኅበር በየዓመቱ በሉነን ከተማ ፌስቲቫል ያዘጋጃል፤ እዚያ ከሚታዩት ብዙ ሥራዎች የተነሡት ከአንሺዎቹ ቤት ብዙም ባልራቀ ቦታ ነው። ጉንዳን፣ እንቁራሪት፣ በጤዛ የራሰ ሸረሪት ድር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የአልፕስ ተራሮች ሁለት ዘመዶች አሏቸው። የመጀመሪያው የአልፕስ አይቤክስ ነው፤ የዋልያ የቅርብ ወንድም። ቀንዱ ለዋንጫ፣ አካሉም ለመድኃኒት ይሆናል እየተባለ ታድኖ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጣልያን ግራን ፓራዲሶ ተራራ ላይ መቶ ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር። በ1856 ንጉሡ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል 2ኛ ቦታውን የራሳቸው ማደኛ አደረጉት። ከሌላ አዳኝ ስለተጠበቀ ዘሩ ተረፈ፤ በ1922 ማደኛው የጣልያን የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ በመላው አልፕስ ያለው አይቤክስ ሁሉ ከእነዚያ የተገኘ ነው። ሰው ስለማይፈራ ረጅም ሌንስ እንኳን አያስፈልግም፤ ከኮኝ ከተማ በላይ ባለው ሸለቆ ማለዳ የወጣ ሰው ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ራሱ ይቀርበዋል። ከሰሜን ተራሮች ዋልያ ጋር ያላቸው ልዩነት የሚታየኝ በፎቶው ዳራ ላይ ነው። እዚህ ከኋላ የበረዶ ግግር፣ እዚያ ጅባራ።

ሁለተኛው ባለ ጢሙ፣ አጥንት የሚበላው ጥንብ አንሳ ነው። ግልገልና ሕፃን ይነጥቃል ተብሎ በተሳሳተ ወሬ ተሳድዶ የመጨረሻው የአልፕስ ወፍ በ1913 በአኦስታ ሸለቆ ተገደለ። በ1986 በኦስትሪያ ራውሪስ ሸለቆ በሰው እንክብካቤ ሥር የተፈለፈሉ ጫጩቶች ተለቀቁ፤ በዱር የተፈለፈለው የመጀመሪያው በ1997 ፈረንሳይ ውስጥ ታየ። አሁን በስዊዘርላንድ ጌሚ የተባለው የተራራ በር ላይ ይህን ወፍ ፍለጋ በክረምት ብርድ የሚቆሙ አማተሮች አይጠፉም፤ ጥበቃቸውም ለሳይንስ ይጠቅማል። ሊለቀቁ ሲሉ ከጫጩቶቹ ክንፍና ጭራ ላይ የተወሰኑ ላባዎች በኬሚካል ይነጣሉ፤ የየአንዳንዱ ምልክት የተለያየ ነው። ከሥር የተነሣ ጥርት ያለ ፎቶ ካለ ተመራማሪዎቹ ወፉ የት ተፈልፍሎ የት እንደደረሰ ያውቃሉ። በየዓመቱ በኦክቶበር በአልፕስ ዙሪያ በሚደረገው የቆጠራ ቀን በጎ ፈቃደኞች ይሳተፋሉ። ሰሜን ተራሮች ላይ ይኸው ወፍ ከገደሉ ጫፍ በዓይን ትይዩ ያልፋል። ጫፉ ላይ ቆመን እያየነው ስንቶቻችን ካሜራችንን እንዳላነሣን አስባለሁ።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። አሥር ዓመት ያገለገለ ካሜራ ለዚህ ሁሉ ይበቃል፤ ገንዘቡ ለጫማ፣ ለዝናብ ልብስና ለባቡር ቲኬት ቢውል ይሻላል። ስልክም ለሰሜን ብርሃንና ለመልክዓ ምድር ጥሩ ነው፤ ለሩቅ ወፍ ግን አይሆንም። ፎቶውን ሮው በሚባለው፣ ካሜራው የያዘውን ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው ፋይል መያዝ ግን አይታለፍ። ከሕጉ ማወቅ የሚገባው ጥቂት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ካሜራ ያለው ድሮን የሚያበር ሰው፣ ድሮኑ ከ250 ግራም ቢያንስም፣ መመዝገብ አለበት፤ ከ120 ሜትር በላይ ማብረር አይፈቀድም፤ በብዙ ብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው። የኤፍል ግንብን በቀን እንዳሻችሁ አንሡ፤ የሌሊቱ መብራት ግን ራሱን የቻለ የፈጠራ መብት ስላለው ፎቶውን ለንግድ ለማዋል ፈቃድ ይጠየቅበታል። ጀርመን ውስጥ በ1907 የወጣ ሕግ እስከ ዛሬ እንደጸና ነው፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የሰውን ፊት ያለ ፈቃዱ ማሳተም አይቻልም።

በፍራንክፈርት፣ በስቶክሆልም፣ በሮም የምትኖሩ ወገኖች፣ ዕረፍታችሁ አጭር እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ አይስላንድን ተዉትና ከቤታችሁ በአውቶቡስ የሚደረስ አንድ ጫካ ወይም አንድ ሐይቅ ምረጡ፤ በአራቱም ወቅት ተመላለሱበት። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የስዊድን ክሬኖች በብዛት የሚከርሙት ስፔን ቢሆንም ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ የሚነሡት፣ በሳተላይት መከታተያ እንደተረጋገጠው፣ ከፊሎቹ ክረምታቸውን የሚያሳልፉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት በጣና ዳርቻና በቢሾፍቱ ጨለለቃ ሐይቅ ላይ ይውላሉ። በማለዳ ሂዱ፣ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ አንገታቸውን እስኪያሰግጉ ጠብቁ።